የሐሙሱ አርባ ሜትር

ሐሙስ፣ ኦገስት 18 ቀን 2016፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ኣርሴማ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ሃቫና መንገድ ዳር ባለው ፓርክ የአርባ ሜትር የፍጥነት ፈተና ስትሮጥ፣ ከመጨረሻው የፕላስቲክ ኮን ጥቂት ሲቀራት የቀኝ ታፋዋን ከኋላ ይዛ ወደቀች። የሆነው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ አስተያየት ነው፣ አስተያየት ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዜና ላይ ስቆርጠው የኖርኩት ነገር ነው፣ አሁን ግን ወንበር ስቦ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው፣ እዚያ፣ መጠጥ ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ አምስት የቡድኑ ኮሚቴ አባላትና አሠልጣኙ ግራንት፣ እኔ ደግሞ እዚህ ግሌንዴል፣ መጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ሰኞ፣ ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ምን እንደምላቸው ሳይሆን ምን እንደማልላቸው እያሰብኩ።

ይቅርታ አልልም።

ግራንት የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው፣ ዓርብ በላከልኝ መልእክት በትሕትና ጽፎታል፣ ያንቺ ስልት የልጅቷን አሯሯጥ ቀየረው፣ የተቀየረ አሯሯጥ ጡንቻ ላይ ያልለመደውን ጫና ይጥላል፣ ይህንን ኮሚቴው ፊት ካመንሽ ነገሩ በሰላም ያልቃል፣ ካላመንሽ ማክሰኞዎቹን ለሌላ ሰው ለመስጠት ድምፅ እንሰጣለን። በሰላም ያልቃል። ለማን? ማክሰኞዎቹ የኔ ናቸው፣ ከኤፕሪል ጀምሮ በየማክሰኞው የዴንቨርን የሴቶች ቡድን መሮጥ ሳስተምር ከርሜያለሁ፣ ኦክቶበር ላይ አገር አቀፍ ውድድር አለባቸው፣ ሥራዬ የሚታየው ያኔ ነው፣ ያኔ ነው እንዴ የሚወስዱብኝ፣ በምን ማስረጃ፣ በአንዲት ልጅ መውደቅ። አንድ ክስተት ነው። በአንድ ክስተት ድምዳሜ አይጻፍም፣ ይህን ለስንቱ ጀማሪ ዘጋቢ ተናግሬያለሁ፣ አንዱ ደግሞ እኔኑ መልሶ አንቺ ልብ የለሽም ብሎኝ ነበር፣ ልብ አለኝ፣ ማይክሮፎን ላይ አላስቀምጠውም እንጂ።

ቀድሞውንስ ማን ጠራኝ፣ ራሱ ነው የጠራኝ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ እኔ የጭነት መኪና ስምሪት ላይ ነኝ፣ ግራንት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አውስትራሊያዊ፣ የጣሪያ መብራት ሊቀይር መጥቶ ከመሰላል ላይ ሆኖ ከየት ነሽ አለኝ፣ ኢትዮጵያ አልኩት፣ ወረደ። ከመሰላሉ ወረደ። የሴቶች ቡድን አሠለጥናለሁ፣ መሮጥ የሚያስተምራቸው ሰው እፈልጋለሁ አለ። እኔ ሮጬ አላውቅም፣ አውቶቡስ እንኳ ሲያመልጠኝ የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው፣ የሬዲዮ አትሌቲክስ ዘጋቢ ነበርኩ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ትራኩ ዳር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ የአሠልጣኝነት ኮርስ ወስጃለሁ፣ የሚያስፈልግህ እሱ ከሆነ እመጣለሁ አልኩት። ሳቀ። ትሕትና መሰለው። አገሬን እንጂ እኔን አልቀጠረም፣ ልጆቹን ይዤ ኮረብታ ለኮረብታ ሁለት ሰዓት የማዞራቸው መስሎት ነበር፣ እኔ ይዤ የመጣሁት ግድግዳ ነው።

ዳኛቸው፣ ባሌ፣ እስካሁን ጨዋታው አልገባውም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው እለዋለሁ፣ ፉቲ ይሉታል፣ ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይለጋል፣ ይዘህ ከሮጥክ በየአሥራ አምስት ሜትሩ መሬት ላይ ማንጠር አለብህ፣ ሜዳው ሞላላ ነው፣ ሲይዙህ ይጥሉሃል። ታዲያ እግር ኳስ ያለው ማነው፣ ይላል። ዛሬ ስወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጌጥነሽ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ልትከሰሺ ነው የምትሄጂው፣ ፓስተር ቢያይሽ ምን ትያለሽ አለኝ። ሎሚናት ጠጥቼ ተከሰስኩ እለዋለሁ አልኩት። ሳቀና ቁም ነገሩን አስከተለ፣ ተይው በቃ፣ ይቅርታ ማለት ምን ያስከፍላል። ምንም አያስከፍልም፣ ውሸት መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

ግድግዳ። በመጀመሪያው ማክሰኞ የፓርኩን ሽንት ቤት ግድግዳ በሁለት እጃቸው እንዲደገፉ አደረግኩ፣ ሰውነት ከተረከዝ እስከ ራስ ቀጥ ብሎ ዘመም፣ አንድ ጉልበት ወደ ላይ፣ ቀይሪ፣ ቀይሪ፣ መሬቱን ወደ ኋላ ግፊው፣ ኣርሴማ ናት አንገቷን ዞር አድርጋ፣ ኮች፣ ሰው ሲያየን ፖሊስ የያዘን ነው የሚመስለው ያለችው፣ ሁሉም እየሳቁ ከግድግዳው ተላቀቁ። ያቺ ልጅ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ኤርትራዊት፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነው ኦሮራ የመጣችው፣ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ኳስ ስትይዝ እጇ ሙጫ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነበረች፣ ቡድኑ ውስጥ ከመጨረሻ ሁለተኛ፣ ኳስ አያቀብሏትም ነበር፣ ግራንት ከኋላ መስመር ጥግ ላይ አቁሟት ነበር፣ መሀል ሜዳ መጫወት እፈልጋለሁ አለችኝ፣ መሀል ሜዳ የሚገባው የሚሮጥ ነው፣ ሩጪና ግቢ አልኳት።

ችግሯ ከጎን ሲያዩዋት ግልጽ ነበር፣ እግሯን ከፊቷ ዘርግታ በተረከዟ ነበር የምታርፈው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ነው፣ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ ትረግጫለሽ፣ አልኳት፣ መኪናሽን እንዲህ ነው የምትነጂው? አጎቴ ነው እንዲህ የሚነዳው አለች። እግርሽ ከዳሌሽ ሥር ይረፍ፣ ከዳሌሽ ሥር፣ አትዘርጊ፣ ርቀቱን ከኋላሽ በሚገፋው ፈልጊው፣ ኳስ ከመሬት ስታነሺ ደግሞ ወገብሽን ሳይሆን ዳሌሽን ዝቅ አድርጊ፣ ቀጥ ባለ እግር ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ነው ታፋው የሚበጠስ። ይህ ሁሉ ተብሏል። በስልኬ ከጎን እየቀረጽኩ ወዲያው አሳያቸዋለሁ፣ ያለፈው ማክሰኞ ቪዲዮ እዚሁ ስልኬ ላይ አለ፣ ስንቴ አየሁት፣ አሁንም እያየሁት ነው፣ እግሯ ከዳሌዋ ሥር ነው የሚያርፈው፣ እጆቿ ልቅ፣ ትከሻዋ ዝም ያለ፣ ፊቷ ላይ ትንሽ ፈገግታ አለ፣ ፈገግታው ማስረጃ አይደለም፣ እግሩ ነው ማስረጃው፣ ይህ አሯሯጥ ታፋ አይበጥስም፣ ይህ አሯሯጥ ነው ታፋ የሚጠብቀው፣ ግራንት ሆይ፣ ና ተመልከት።

ዕረፍቱም ነው ያናደደው። በአንድ ሩጫና በሌላው መሀል አሳርፋቸዋለሁ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ፣ በእግር ቀስ ብለው እንዲመለሱ፣ እንዲቆሙ። ምን አስቁመሽ ታስወሪያቸዋለሽ፣ ይላል ግራንት፣ ጋሽ ፍረዝጊም፣ የኣርሴማ አጎት፣ ልጅቷን ሊወስድ ሲመጣ ከታክሲው ሳይወርድ፣ ይኼ ልምምድ ነው ወይስ ማኅበር ይላል፣ ፈረንጁም ሐበሻውም እዚች ላይ አንድ ናቸው፣ ላብ ካልወረደ ሥራ የለም፣ ብዙ የዞረ ፈጣን ይሆናል ብለው ያምናሉ፣ ብዙ የዞረ ብዙ መዞር ይችላል፣ በቃ፣ ሌላ ነገር አይሆንም። የደከመ ሰው ፍጥነት አይማርም፣ ድካምን ነው የሚማር። ሐሙስ ዕለት ከፈተናው በፊት ግራንት ሜዳውን ስንት ዙር እንዳዞራቸው እዚያ ክፍል ውስጥ ልጠይቀው ነው። ማሟሟቂያ ይለዋል። ማሟሟቂያ ሳይሆን ማድከሚያ ነበር፣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ ተቃውሜያለሁ፣ ሐሙስ የኔ ነው፣ ማክሰኞ ያንቺ ነው አለኝ፣ እንግዲህ ሐሙስ የሱ ከሆነ የሐሙሱ ውድቀት የማን ነው?

ረጋ በዪ። ጥያቄ ጠይቂ፣ አትመልሺላቸው።

የወደቀችበትን እግር አላየሁትም፣ ይህም እውነት ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ሰዓት የሚይዘው ግራንት ነው፣ እሱ መጨረሻው ኮን ላይ ይቆማል፣ እኔ መነሻው ላይ እጄን አንስቼ አወርዳለሁ፣ ስለዚህ ያየሁት ጀርባዋን ነው፣ አረንጓዴ ማሊያዋን፣ ጀርባ ሲርቅ ሁሉም ሩጫ ያምራል፣ ከኋላ ሆኖ እግር የት እንደሚያርፍ አይታይም። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፣ አይ፣ አይሻልም፣ ምንም አይለውጥም፣ አልጮኸችም ብቻ ብዬ ልተወው። ሣሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ ስታየው ደረስኩ፣ እጄን ስዘረጋላት ወደ ግራንት ነው የዘረጋችው። ያም የሆነ ነገር ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳም፣ ዓርብ ደወልኩ፣ ቅዳሜ ደወልኩ፣ ትናንት ከቸርች ስወጣ ደወልኩ።

ያገኘኝ ጋሽ ፍረዝጊ ነው፣ ዓርብ ዕለት፣ ራሱ ደውሎ። አማርኛው ከስንት አስተዋዋቂ ይሻላል፣ አስመራ ተወልደው አማርኛ ትምህርት ቤት የተማሩት ሰዎች የሚናገሩት ዓይነት፣ አረፍተ ነገሩን ዘግቶ ነው የሚሰድብ። በፍልሰታ ጾም ልጅቷ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውላ አንቺ እንደ ጋሪ ፈረስ አስሮጥሻት፣ እናንተ ጴንጤዎች ጾም አታውቁ፣ የሰው ጾም አታከብሩ። ጋሽ ፍረዝጊ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምን በላች አልኩ። ሽሮ። ስንት ሰዓት ላይ። ውሃስ ጠጣች? እርስዎ ነበሩ ወደ ሜዳ ያመጧት፣ መኪና ውስጥ ውሃ ይዛ ነበር? ይህቺ ሴት የልጄን ሆድ ኢንተርቪው ታደርጋለች እንዴ፣ ብሎ ዘጋው። ልክ ነው፣ አደረግኩ፣ ሌላ መንገድ አላውቅም። ጾም እንደሆነ አውቅ ነበር፣ በዚህ ሰሞን ኦሮራ ውስጥ ሐበሻ ምግብ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ መጾሟን አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም እላቸዋለሁ፣ የሚጎዳኝን ጭምር እላለሁ፣ ግን ጾምም ይሁን ዙር፣ ስልቱ ግን አይደለም። ስልቱን አሳልፌ አልሰጥም።

ምክንያቱም ጁን አለ። ጁን የኔ ነው። ኤፕሪል ላይ ስጀምር ግራንት የያዘው ሰዓትና ጁን ላይ የያዘው ሰዓት፣ የያዘው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ከሁለት ልጆች በቀር የሁሉም ወርዷል፣ የኣርሴማ ከሁሉም በላይ፣ ከመጨረሻ ሁለተኛ የነበረችው ከሦስቱ ፈጣኖች አንዷ ሆነች፣ ጁላይ ላይ መሀል ሜዳ አሰለፋት፣ ያን ቀን ኳስ ይዛ ሁለቴ አንጥራ ስትወጣ ተከላካይዋ እግሯን ብቻ ነው የያዘችው፣ እግሯንም አልያዘችውም፣ አየሩን። ግራንት መስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ ራሱን ይዞ፣ ከየት አመጣሽው ያን፣ አለኝ። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ አልኩት። እንግዲህ ያን ጊዜ ስልቱ ነበር፣ ዛሬ ስልቱ ጥፋተኛ ሆነ። የወረደ ሰዓት ላይ አብሮኝ ፎቶ የተነሣ ሰው የወደቀች ልጅ ላይ ብቻዬን ሊያቆመኝ አይችልም፣ ይህችን አረፍተ ነገር እላታለሁ፣ አይ፣ አልላትም፣ ታምራለች፣ የምታምር አረፍተ ነገር ጥርጣሬ ታመጣለች፣ ሰዓቶቹን ብቻ አነባለሁ። ሰዓት ይናገር። ሰዓት አያዳላም፣ ኢትዮጵያዊት ናት አይልም፣ ሮጣ አታውቅም አይልም፣ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው አይልም፣ ቸርች ውስጥ እነሱ ስለጠሉሽ ነው ያሉኝን እህቶች አይሰማም፣ እነሱንም ዝም ያሰኘኋቸው በዚሁ ነው፣ ማንም አልጠላኝም፣ ማስረጃ አለኝ፣ ማስረጃ ያለው ሰው መወደድ አያስፈልገውም።

ያቺ ታክሲ።

የጋሽ ፍረዝጊ ናት፣ በሁለት መስመር መሀል ፓርክ የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። የኋላው በር ተከፈተ፣ ክራንች ወጣ፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ኣርሴማ። ወደ መጠጥ ቤቱ አይደለም የመጣችው፣ ወደ እኔ ነው። ጋሽ ፍረዝጊ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ ፍልሰታን ፈታን፣ እንኳን አደረሰሽ እንዳልል አልደረሰብሽም፣ ይላል፣ በድምፁ ውስጥ ግን የዓርቡ ቁጣ የለም፣ የሆነ ነገር ነግራዋለች። እንኳን አደረሰዎት እላለሁ። ኣርሴማ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ክራንቿን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረች፣ ቀኝ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስገባች፣ ስልክ ያላነሳሁት ምን እንደምልሽ ስላላወቅኩ ነው፣ ትላለች። ታፋሽስ? ግማሽ ነው የተቀደደው፣ ስድስት ሳምንት ብለውኛል፣ ምናልባት ስምንት። ስድስት ከሆነ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። አውቃለሁ ኮች፣ እኔም ቆጥሬዋለሁ።

ከዘጋቢነት የተረፈኝ አንድ ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው፣ ዝም ካልሽ ሰው ይሞላዋል።

ኮች፣ ልነግራቸው ነው የመጣሁት። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ስታይልሽ አይደለም የጎዳኝ።

አውቃለሁ እላለሁ፣ ቪዲዮው አለኝ፣ ስልኬን ላነሳ።

ቪዲዮውን ተይው። ሐሙስ ያንቺን ስታይል አልሮጥኩም።

ደክሞሽ ነው፣ ዙሩ ነው፣ ሰው ሲደክም ወደ ድሮው...

አልደከመኝም። ሆን ብዬ ነው። ሰዓት ሲያዝ ያንቺን ሮጬ አላውቅም፣ ኔቨር። አንቺ ስልክ ስትደቅኚብን ያንቺን እንሮጣለን፣ ግራንት ሰዓት ሲይዝ የራሳችንን። ሁላችንም ነን። ያንቺን ስንሮጥ፣ አይ ዶንት ኖው፣ ቀርፋፋ የሆንኩ ይመስለኛል፣ ሰዓት ላይ እፈራለሁ፣ እነሱም እንደዛው፣ መኪና ውስጥ አንድ ቀን አውርተነው ሳቅን፣ አንቺ ላይ አይደለም የሳቅነው። ቪዲዮውን ስታሳዪን ደስ ይልሽ ነበር፣ ማን ይንገርሽ።

ከኋላ ሆኖ እግር የት እንደሚያርፍ አይታይም።

ጁላይስ፣ እላለሁ፣ መሀል ሜዳ፣ ያቺ ተከላካይ አየር ስትይዝ? የራሴን ነበር የሮጥኩት። ጁንስ? ጁንም። ሰዓቱ የወረደው እኮ ጁን ነው ኣርሴማ። አዎ። በምን ወረደ ታዲያ? ትከሻዋን ሰበቀች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፣ ስለምታሳርፊን ይሆናል፣ ወይ ጭኔ ጠንክሮ ይሆናል፣ ወይ ሰመር ስለሆነ፣ አላውቅም ኮች። እኔም አላውቅም። ዘገባ ቢሆን እዚህ ጋ ነው የማቆመው፣ አይታወቅም ብዬ፣ ነጥብ አድርጌ፣ ግን በጁን ሰዓት ላይ ቆሜ ነው አራት ቀን ስከራከር የሰነበትኩት፣ ዳኛቸውን ዝም ያሰኘሁት በሱ ነው፣ ቸርቹን በሱ ነው፣ እዚያ ክፍል ውስጥም ላነበው የነበረው እሱን ነው። ሐሙስ ነጻ ያወጣኛል፣ ማንም ጉዳቱን የስልቴ ውጤት ሊለው አይችልም፣ ስልቴን የሮጠ የለማ፣ ያው እውነት ግን ጁንንም ይወስድብኛል።

ቢሆንም ስልቱ ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው። ያልሮጡት ነገር ስሕተት አይሆንም፣ ማረጋገጫም አይሆንም፣ ገና አልተሞከረም ማለት ነው፣ ይኸው ነው።

ግራንት በሩን ከፍቶ እጁን ያወዛውዛል፣ ሰዓቱ ደረሰ። ኣርሴማ ክራንቿን ከኋላ ወንበር ትስባለች፣ የሐሙሱን እነግራቸዋለሁ፣ እሱ ከበቃ ማክሰኞዎቹን አይወስዱብሽም፣ ይበቃል አይደል፣ ትለኛለች።

ለነሱ ይበቃል። ጁንንም ንገሪያቸው፣ እላታለሁ።

ኮች፣ ጁንን ከነገርኳቸው እኮ ምንም አይኖርሽም።

ገብቶኛል። ጁንንም።